ቁልቋሉን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ ስለ ውስጥ እግር ኪንታሮት

(ምስል፦ የደሴ ዳገት። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ተረከዙን ሳያስነካ እያነከሰ ይወርዳል።)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ውስጥ እግር ላይ ስለሚወጣው ኪንታሮት ነው። መቀመጫ ላይ ከሚወጣው ጋር ስም እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው እንዳትጠቀሙ።

እኔም ልጅ እያለሁ ተረከዜ ላይ ወጥቶብኝ ነበር። ያኔ ሰፈራችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። «ኮከብ ቆጥረህ ነው» አሉኝ። አክስቴ ከአጥሩ ላይ ቁልቋሉን በቢላ ጫር አደረገችው። ነጩ ወተት ወዲያው ጠብ ጠብ አለ። በስንጥር አንስታ ኪንታሮቱ ላይ ቀባችልኝ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ማታ ግን እሳት ሆነብኝ። ጠዋት ሳየው ኪንታሮቱ እንዳለ ነው፤ ዙሪያው ያለው ደህና ቆዳ ግን ውሃ ቋጥሯል። ሳምንት ሙሉ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። አክስቴ እኮ አዝናልኝ ነው። እናቷ ስታደርግ ያየችውን ነው ያደረገችው።

(ምስል፦ የውስጥ እግር ቆዳ በቅርበት፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ይታያሉ።)

ኪንታሮት የሚመጣው ከኮከብ ሳይሆን ከቫይረስ ነው። ኤችፒቪ ይባላል። ከ100 በላይ ዓይነት አለው። «ይሄ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው አይደለም እንዴ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ እግር ላይ የሚወጡት ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። አብሽሩ።

ቫይረሱ የሚገባው በትንሽ ስንጥቅ ነው፤ ቆዳው ርሶ ሲለሰልስ ደግሞ ይቀለዋል። ላብ የሚይዝ ፕላስቲክ ጫማ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆን አንድ የሻወር ነጠላ ጫማ፣ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ የሚረግጠው እርጥብ ወለል፣ እነዚህ ሁሉ መንገድ ይከፍቱለታል። ከውዱእ በኋላም ሆነ ገላ ታጥባችሁ ስትወጡ እግራችሁን፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል፣ በራሳችሁ ፎጣ አድርቁት።

መጅ ይሁን ኪንታሮት እንዴት ይለያል? መጅ ቀጥታ ሲጫኑት ያማል። ኪንታሮት ግን ግራና ቀኙን በጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት የበለጠ ያማል። የቆዳው መስመርም መጁ ላይ አይቋረጥም፤ ኪንታሮቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ነው። ብዙ ሰው «ሥሩ ነው» እያለ ነጠብጣቡን በመርፌ ይቆፍራል። ሥር አይደለም፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በመርፌና በምላጭ ስትነካኩት ደም ይፈሳል፣ ቫይረሱም ጎረቤት ቆዳ ላይ ይዘራል። ቴታነስም አለ።

ወደ ዕፅዋቱ ልምጣ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ያቃጥላል፤ ግን ደህናውን ቆዳ ከታመመው አይለይም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዓይን ነው። በወተቱ የተነካ እጅ ዓይን ቢያሽ ከባድ ቁስለት ያመጣል፣ ዓይን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ልጅ ባለበት ቤት ይህን አትሞክሩ፤ እለምናችኋለሁ። ከገባም ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ነጭ ሽንኩርት ላይ ትናንሽ ጥናቶች ተስፋ አሳይተዋል። ነገር ግን ወቅጠው አስረውት የሚያድሩ ሰዎች ተቃጥለው ይነሳሉ። አቼቶም እንደዚያው ነው። ሬት ቆዳ ያለሰልሳል፣ ኪንታሮትን ግን ያድናል ለማለት አያስደፍርም።

(ምስል፦ ወንዝ ዳር የበቀለ አኻያ።)

ይህን ዛፍ ግን እዩልኝ። አኻያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ኬሚስቶች ከእሱ ዘመዶች ልጣጭ ሳሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጡ። ከዚያ ነው ሳሊሲሊክ አሲድ የተገኘው። ዛሬ ለኪንታሮት ከተሞከሩት የቤት ሕክምናዎች ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ልጣጩን አምጥታችሁ ብትፈትጉት ግን አይሠራም፤ ሳሊሲኑ ገና አሲድ አልሆነም። ፋርማሲ ሂዱና መጠኑን ጠይቁ። በፈሳሽ 17 በመቶ፣ በፕላስተር 40 በመቶ የሆነው ነው የሚፈለገው። ለጭርት የሚሸጠው የዊትፊልድ ቅባት ውስጥ 3 በመቶ ብቻ ነው ያለው፤ ለኪንታሮት አይበቃም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ማታ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ 5 ደቂቃ ዘፍዝፉ። የነጣውን የላይ ቆዳ ተረከዝ በሚፈተግበት ሸካራ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ደም እስኪወጣ አይደለም። ያ ድንጋይ ለሌላ ሰው፣ ለሌላው እግራችሁም አይሁን። አድርቁት። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡና አሲዱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጉ፤ ከዚያ በፕላስተር ሸፍኑት። ካቃጠላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፉት። እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው በ3ኛው ሳምንት ሰልችቶት ይተወዋል። አትተዉት።

ስኳር ያለበት ሰው፣ እግሩ የሚደነዝዘው፣ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ሐኪም ሳያይ አይጀምሩ። በፍጥነት የሚያድግ፣ የሚደማ ወይም ቀለሙን የሚቀይር ነገርም ኪንታሮት ላይሆን ይችላልና አሳዩት። ልጆች ላይ ደግሞ ካላመማቸው ዝም ማለትም ይቻላል። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ በዓመት ውስጥ በራሱ ይለቃቸዋል።

(ምስል፦ ያው ተረከዝ፣ ከሕክምናው በኋላ።)

መጥፋቱን በምን ታውቃላችሁ? ጥቁሩ ነጠብጣብ የለም። ተቋርጦ የነበረው የቆዳ መስመር ወዲህና ወዲያ ተገናኝቷል። ያን ስታዩ አሲዱን አቁሙ።