ለሦስት ወር የሚመጣው ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ ከጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲመታ ትሰሙት ይሆናል። እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ሐሳቡ ይጠፋብኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት እጄ ገባ። የቅጥር ማስታወቂያ ረቂቅ ነው። «ጊዜያዊ የደም ካንሰር ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ለ3 ወር» ይላል። ከሥሩ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የቤት አበል ተዘርዝሯል። ኃላፊዬ «ሲስተር፣ ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ስትሰጪ የኖርሽው አንቺ ነሽ። እስኪ አንብቢውና የጎደለ ካለ ንገሪኝ» አለኝ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። እኔ ላይ ግን ሁለት ቀን ፈጀ።

ሐኪሙ ይምጣ። ይህን አስቀድሜ ልበል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ይህን መንገድ አንዴ ሄዶ አይገላገለውም፣ በየቀጠሮው ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያለው አማራጭ አውሮፕላን ነው። ለልጁ ትኬት በሬውን የሸጠ ሰው አውቃለሁ። በሬ የሸጠ ገበሬ በቀጣዩ ክረምት በምን ያርሳል? ስለዚህ አንድ ስፔሻሊስት ለሦስት ወርም ቢሆን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቢወርድ እኔ በግሌ አበባ ይዤ እቀበላለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ዓመታት አልፈውም ከውስጤ አልወጣም።

ያኔ ሌላ ቦታ ነበር የምሠራው፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ስፔሻሊስት ለስድስት ሳምንት መጣልን። ጎበዝ ሐኪም ነበር፣ ልቡም ጥሩ። በዚያው ሰሞን ከደምቢያ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አልጋ ያዘ። በሽታው አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ነው፤ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር። ሕክምናው ተጀመረ። በወሩ ልጁ ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ መሮጥ ጀመረ። እንጀራ ጠየቀ። አባቱ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

የዚህ በሽታ ሕክምና ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ወር በሽታውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይነቅለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ክፍል ነው የሚነቅለው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንቱን ጨርሶ ሄደ። ካርዱን ስገልጠው የመጨረሻው ገጽ ላይ «ይቀጥል» የሚል ቃል አለ። ምኑ ይቀጥል? የትኛው መድኃኒት፣ በስንት መጠን፣ እስከ መቼ? ዕቅዱ የነበረው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኛም አልጠየቅነውም። በሰላም ሂድ ብለን ሸማ አልብሰን ሸኘነው።

አባትየው በየቀጠሮው ይመጣና «ሲስተርዬ፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመለስ?» ይለኝ ነበር። እኔም «ይመጣል፣ አይዞህ» እለዋለሁ። በአምስተኛው ወር በሽታው ተመለሰ። ልጁ ለፋሲካ አልደረሰም።

ማስታወቂያው ላይ «ለ3 ወር» የሚለውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይኸው አባት ነው። የሦስት ዓመት በሽታን የሦስት ወር ሰው እንዴት ይዘልቀዋል?

አሁን ደግሞ ስለ ጎንደር ልንገራችሁ። እዚህ ሰው ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ወባንና ካላ አዛርን ነው፤ ካላ አዛር የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው። ትክክልም ነን። በካላ አዛር የሚያዙት አብዛኞቹ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ወጣቶች ናቸው። የደም ካንሰር ግን ያንኑ መልክ ይዞ ይመጣል። ጣፊያው ያው፣ ትኩሳቱ ያው፣ መክሳቱ ያው።

አንድ የ24 ዓመት ልጅ ነበር። ከመተማ ሲመለስ ለወባ ታከመ፣ አልተሻለውም። ለካላ አዛር ተመረመረ፣ የለም ተባለ። በኋላ አንዱ የደም ቆጠራውን ልብ ብሎ አየው። ነጭ የደም ሴል በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። የእሱ ከ200,000 በላይ ነበር። ካላ አዛር ነጭ የደም ሴልን ዝቅ ያደርጋል እንጂ እንዲህ አይሰቅለውም። ልጁ ሲኤምኤል የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የደም ካንሰር ነበረበት።

ይህ በሽታ ዛሬ የሚታከመው በእንክብል ነው፣ ኢማቲኒብ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየዋጡ፣ እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። በሽታው ምን ያህል እንደቀነሰ የሚለካ ምርመራም አለ። ለቲቢ ምርመራ በምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን፣ ካርትሬጁን ብቻ ለውጦ ይሠራል። ስለዚህ ያ ልጅ የሚያስፈልገው በሽታውን የሚጠረጥር ዓይን፣ የሚከታተለው ሰው፣ የማይቋረጥ መድኃኒት ነው። እነዚህ ደግሞ ከከተማችን ጋር አብረው መኖር የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ሌላም አለ። የላብራቶሪ ልጆቻችን በካላ አዛር ምክንያት ከጣፊያና ከመቅኒ የተወሰደ ናሙና ማየት ለምደዋል። ጥገኛ ተውሳኩን የሚፈልጉት እዚያ ነው። ማለትም እጁም ማይክሮስኮፑም አለ። የጎደለው አጠገባቸው ተቀምጦ «ይቺን ሴል እያት፣ ይቺ ካንሰር ናት፣ ይቺኛዋ ደግሞ አይደለችም» የሚላቸው ሰው ነው። ለሦስት ወር በየቀኑ ይህን ያደረገ ሐኪም ሲሄድ ዓይኑን ትቶልን ይሄዳል።

አውስትራሊያ ውስጥ ነርስ የሆነች አብሮ አደግ አለችኝ። ደወልኩላት። እዚያ ጊዜያዊ ሐኪም መቅጠር የተለመደ ሥራ ነው፣ «ሎከም» ይሉታል። ከትልልቆቹ ከተሞች የራቀ ማዕከል ሐኪሙ ዕረፍት ሲወጣ ወይም ቦታው ሰው ሲያጣ ኤጀንሲ ጋ ይደውላል። ለሁለት ሳምንትም ለሦስት ወርም ይላክለታል። ትራንስፖርትና ማረፊያ ይከፈላል። እኔን የገረመኝ ግን ስለ ታውንስቪልና ማውንት አይዛ የነገረችኝ ነው። በሁለቱ መካከል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ ከእኛና ከአዲስ አበባ ይርቃል። የካንሰር ስፔሻሊስቶቹ ታውንስቪል ናቸው። ማውንት አይዛ ያለው ታካሚ እዚያው ከተማው ሆኖ በቪዲዮ ያናግራቸዋል። ኬሞውን የሚሰጡት የዚያው ከተማ ነርሶች ናቸው። ነርሶቹ ግን ሠልጥነዋል፣ ዕቅዱም በጽሑፍ አላቸው፣ አንድ ነገር ሲፈጠር የሚደውሉለት ሰው አላቸው። ይህን ስሰማ በደስታም በቁጭትም ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔም ነርስ ነኝ። እኛም እንችላለን።

ደግሞ ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሕዝብ ጨረሰ። በዓመቱ የጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፈተ። በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ የውጭ መምህራን መጡ፣ ጤና መኮንኖችን አሠለጠኑ፣ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሲጀመር ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። እነዚያም ጀርመኖች በየተራ መጥተው በየተራ ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ሐኪም ያስመርቃል። ሁሉም ጊዜያዊ ነበሩ። የተጠሩት ግን ለማስተማር ነው፤ ለዚህ ነው የቀረልን።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍኩ? «በቀን የሚታዩ ታካሚዎች ብዛት» የምትለውን መስመር ሰረዝኳት። ኃላፊዬ ይቆጣ ይሆናል። ሐኪሙን በቁጥር ካጣደፍነው አያስተምርም፣ አይጽፍም። በእሷ ፋንታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የእኛ የውስጥ ደዌ ሐኪም እና አንድ የሕፃናት ሐኪም አብረውት ይመደቡ አልኩ። ተረኛ ሆነው ወደ ሌላ ክፍል የሚጠሩ ሳይሆኑ፣ በእርግጥ የተመደቡ። የእያንዳንዱ ታካሚ ዕቅድ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ለአስታማሚውም በአማርኛ አንድ ገጽ ይሰጠው። ከኬሞ በኋላ በሳምንትና በሁለት ሳምንት መካከል ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ኑ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ተብሎ ይጻፍለት። ጠበል የሚወስዱትን ወላጆች አልከለክልም፣ እኔም እወስዳለሁ። በትኩሳት ቀን ግን መጀመሪያ ወደ እኛ።

ለእኛ ለነርሶችም ሥልጠና ይኑር። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው። ወደ አከርካሪ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ባለበት ቀን ተሳስቶ እዚያ ከገባ ይገድላል። ይህን የማታውቅ አዲስ ነርስ አጠገቤ እንድትቆም አልፈልግም። ደም ባንኩም አስቀድሞ ይነገረው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት አምስት ቀን ያህል ብቻ ስለሚቆይ ሰጪ መፈለግ ያለበት ልጁ መድማት ከመጀመሩ በፊት ነው።

የመጨረሻው ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ውሉ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ዓመት በቪዲዮ ያግኘን፣ ይከፈለውም ብዬ ጻፍኩ። ኢንተርኔቱ ሲቆም በስልክ።

ወረቀቱን ለኃላፊዬ መልሼ ስሰጥ «ይቺ ማስታወቂያ ናት ወይስ ደብዳቤ?» አለኝ። ለሐሙስ ስብሰባ ግን ይዞት ይገባል።

ስወርድ ላብራቶሪ ጎራ አልኩ። ሐኪም ሊመጣ ነው መባሉን ሰምቷል የላብራቶሪው ልጅ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ የጓንት ካርቶን አወጣ። ውስጡ ስላይዶች፣ ናሙና የተቀባባቸው መስታወቶች፣ ናቸው፣ በሶፍት እየተጠቀለሉ የተደረደሩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀንና የካርድ ቁጥር ተጽፎበታል። «እነዚህ የጠረጠርኳቸው ናቸው» አለኝ። «እርግጠኛ ስላልሆንኩ አስቀመጥኳቸው። ሲመጣ አብረን እናያቸዋለን።» 41 ናቸው። አንዱን አንስቼ ቀኑን አየሁት። የአምና ነው።