ስለ ደሙ ብቻ አናውራ
(ካይሮ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በማርች 8 በዓል የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ኮሚቴው «ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ጉዳት ተናገሪ» ብሎኝ ነበር። ጉዳቱን ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሳው ሁላችንም የምንሸሸውን ነው፤ የሴትን የወሲብ ፍላጎት። አዎ፣ እሱኑ። አትሳቁ።

እዚሁ ካይሮ ሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ ልጇን ልታስገርዝ ይዛት ሄደች። አዲስ ሮዝ ቀሚስ ተገዝቶላታል፤ ቸኮሌትም ተይዟል። ልደቷ ነው የሚመስለው። ማታ ሽንት ቤት አቅፌ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አንገቴን አንቃ ይዛ፣ እየጮኸች ነው የሸናችው። ማዳሜ ሳሎን ሆና ለእህቷ ትደውላለች፤ «ዶክተር ነው የሠራላት፤ ማደንዘዣም ሰጥቷታል።» ቀጥላስ ምን አለች? «እንግዲህ ስታድግ አታስቸግረኝም።» ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ሲያመኝ ሾርባ የምትሠራልኝ ሴት ናት።

ማዳሜ ጉዳቱን ሰምታለች። ደም ይፈሳል፣ ያመረቅዛል ሲሏት መላ አገኘችለት፤ ዶክተር። ግብፅ ውስጥ ዛሬ አብዛኞቹን ልጆች የሚገርዙት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሚንያ ውስጥ አንዲት ልጅ ሐኪም እጅ ላይ ሞተች። በ2008 ግርዛትን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ2016 ቅጣቱ ከበደ። ግርዛቱ ግን አልቆመም። ምላጩን ነዋ የከለከልነው! ወላጆችን የሚያስፈራቸው የልጃቸው ፍላጎት ነው፤ እሱን ማን ደፍሮ ያወራል?

ግብፃዊቷ ጸሐፊ ናዋል ኤል ሳዳዊ ደፍራለች። ሐኪም ነበረች፤ ራሷም በልጅነቷ ተገርዛለች። ስለ ሴትና ስለ ወሲብ በመጻፏ በ1972 ከጤና ሚኒስቴር ሥራዋ አባረሯት። በ1981 ፕሬዚዳንት ሳዳት ሲያስራት፣ እስር ቤት ሆና በቅንድብ እርሳስ ሶፍት ላይ ጻፈች።

«የአረብ ጣጣ ነው» የምትሉም አላችሁ። እዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያደርገዋል፤ እኛም ጋ እንደዚያው። በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱ የወንጀል ሕጋችን ይከለክላል። ግን ስንታችን ነን ሳንገረዝ ያደግነው?

እናንተ ከኋላ የምትሳሳቁ! የእናንተ ፍላጎት ወንድነት፣ የእኛ ብልግና የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? የሴት ገላ ደስ ሲለው የእናንተ ክብር በየት በኩል ይጎድላል? እስቲ አንዳችሁ ተነሥታችሁ መልሱልኝ!

 በሚቀጥለው የእናቶች ትምህርት ላይ «ያማል፣ ይገድላል» ካልን በኋላ «ደስታዋም የራሷ ነው» እንላለን። ወንዶችም ትመጣላችሁ። በሩን እኔ ራሴ እቆልፈዋለሁ።