ጉበታችን ስንቱን ይችላል?

(በመራዊ ለቆጋ መስኖ አርሶ አደሮችና ቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ! በቆሎው ጎታ እየገባ፣ ሽንኩርቱ ውሃ እየጠየቀ፣ በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የመጣሁት ስለ መርዝ ላወራችሁ ነው። ማሳ ላይ ስለምንረጨው፣ ጎታ ውስጥ ስለምንጨምረው፣ ሳናውቀው እህላችን ላይ ስለሚበቅለው። ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ስረጭ ውዬ ወተት ጠጥቻለሁ፣ ምንም አይለኝም» ይሉኛል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው። ማርከሻ ግን አይደለም። ኬሚካሉ የሚገባው በቆዳና በትንፋሽ ነው። ከዚያ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው። ወተቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ አያገኘውም።

ታዲያ ማነው የሚያገኘው? ጉበት ነው። በቀኝ ጎናችን፣ ከጎድን አጥንታችን ሥር ያለው፣ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው ጉበት። በየደቂቃው ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ደም ያልፍበታል። ብዙ ሰው ጉበትን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ቆሻሻውን አስቀርቶ ንጹሑን የሚያሳልፍ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጉበት መርዙን ይለውጠዋል። መጀመሪያ በኢንዛይሞቹ፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ለውጥን በሚያፋጥኑ ንጥረ ነገሮቹ፣ መርዙን ይነካካዋል፣ ቅርጹን ይቀይረዋል። ቀጥሎ እንደ ግሉታታዮን ያለ ሌላ ነገር ያጣብቅበትና በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል። በውሃ ከሟሟ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ሌላው ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ በዓይነ ምድር ይወጣል። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም አጣርቶ አብዛኛውን ይመልሳል። ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ እኛ ተኝተን እንኳን አይቆምም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ጉበት መርዙን የሚቀይርበት የመጀመሪያው ሥራ አንዳንዴ መርዙን የባሰ ያደርገዋል። የተባይ ማጥፊያውን ማላታይንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማላታይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ከፊሉን ማላኦክሶን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ነው። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ካደረሰ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለን። ማላኦክሶን ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል።

ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። በመስኖ ወቅት አንድ ጎልማሳ በባጃጅ ተጭኖ መጣ። ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል። ዓይኑን ገልጠን በባትሪ ስናየው ብሌኑ ጠቦ ነጥብ አክሏል። የክንዱ ጡንቻ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። ቤተሰቡ የጠረጠረው ወባ ነበር። የመርጫው ፓምፕ ክዳን ላልቶ ኬሚካሉ ሙሉ ቀን ጀርባው ላይ ሲንጠባጠብ ነው የዋለው። በጣም ያሳዘነኝ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ያው የረጠበ ሸሚዝ ገላው ላይ መሆኑ ነው። መንገዱን ሙሉ መርዙ እየገባ ነበር። መጀመሪያ ሸሚዙን አወለቅነው፣ ገላውን በውሃና በሳሙና አጠብነው። ማርከሻው አትሮፒን ተሰጠው። ሰውየው ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሸሚዙን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ቤት ልትወስድ የነበረችው ሚስቱ ናት። የምታጥበውም እሷ ናት፤ በባዶ እጇ፣ ምናልባትም ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ። እናቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። የተረጨበት ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ውሃው ቦይ ውስጥ አይደፋ፣ ከታች ሌላ ሰው ይቀዳዋል። ወንዶችም ስሙኝ። ያንን ልብስ ለብሳችሁ ቤት አትግቡ፣ ልጅ አትቀፉ። የልጅ ጉበት ገና እየጎለመሰ ነው፤ ለእናንተ ትንሽ የሆነው ለእሱ ብዙ ነው።

ባዶ ዕቃውስ? የኬሚካል ጀሪካን አጥቦ ጠላ የሚያስቀምጥ፣ ዘይት የሚገዛበት ቤት አውቃለሁ። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን መጥጦታል። መቶ ጊዜ ቢታጠብ አይለቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ገበያ የሚሸጠው ነው። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ልጅ ሲያየው ለስላሳ ይመስለዋል። እባካችሁ አትግዙ።

ማላታይንና መሰሎቹ ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉ። ሌላው የነፍሳት ማጥፊያ ዲዲቲ ከዚህ ይለያል። ውሃ አይወድም፣ ስብ ይወዳል። ጉበት ሊለውጠው ቢታገልም አብዛኛው ስባችን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ግማሹ እንኳን እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። በእናት ጡት ወተትም ይተላለፋል። ይህን ሰምታችሁ ግን ጡት ማጥባት እንዳታቆሙ፤ ለሕፃን ከእናት ጡት የሚበልጥ ነገር የለም። በ2001 እ.ኤ.አ. አገሮች እንዲህ ያሉ ቶሎ የማይጠፉ መርዞችን ለመገደብ የተፈራረሙት የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ነው የፈቀደው። ጫት ላይ፣ ጎመን ላይ፣ ቲማቲም ላይ የሚረጭ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጎታው ልምጣ። የነቀዝ ክኒን የምንለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው። ሰውንም ይገድላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሬት ላይ የሚተኛው ማነው? ልጅ ነው። ለዚህ ክኒን ሐኪም ቤት ውስጥ ማርከሻ የለንም። ይህን ስናገር ሆዴ እየተላወሰ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት አትጠቀሙት። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። በደንብ የደረቀ እህል ከታሸገበት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ክኒን አያስፈልገውም።

«በደንብ የደረቀ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሳይደርቅ የገባ በቆሎ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ጓያን ታውቃላችሁ፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። የሻጋታው መርዝ ግን እንደዚያ አይለቅም፣ ማብሰልም አያጠፋውም። በ2004 እ.ኤ.አ. በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ያ በአንዴ ብዙ ሲበላ ነው። ትንሽ ትንሽ ለዓመታት ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። እዚህም ላይ መርዙን የባሰ የሚያደርገው ጉበት ራሱ ነው፤ የለወጠው ነገር የሴሎቹን ዘረመል ይጎዳል። የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት በሽታ አንዱ ዓይነት ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። እሱ ያለበት ሰው የሻገተ ሲበላ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የልጆቻችሁን ክትባት አታስቀሩ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አብሮ አለ። የሻገተውን ለላሚቱ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ በወተቷ ይመለሳል።

የማድቤቱን ጭስ አልረሳሁትም። በአጭሩ፣ ጭስ ማውጫና ምርጥ ምድጃ ያለው ቤት የእናትና የልጅ ሳንባ ያርፋል።

አሁን ከተማ ስትሄዱ «ጉበት የሚያጥብ፣ ደም የሚያጠራ» እየተባለ የሚሸጥ ሻይና ዱቄት ታያላችሁ። ገንዘባችሁን አትጨርሱ። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ጉበት የሚፈልገው ሌላ ነው። ግሉታታዮን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ እንቁላሉ ከቤታችሁ አለ። ሁሉንም ለገበያ አትስጡት። በምግብ የተጎዳ ልጅ መርዝን የሚከላከልበት አቅም ያንሳል። አረቄም ይቀነስ። አረቄ ጉበትን በሌላ ሥራ ይጠምደዋል፣ ግሉታታዮኑንም ያሟጥጥበታል። ከርጭት በኋላ «ድካም ላውጣ» ብሎ መለኪያ ማንሳት በጣም መጥፎ ሰዓት ላይ ነው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ እናቶቻችን። ከመርጨታችሁ በፊት መጠኑን እዩ። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም ልብስ፣ የአፍ መሸፈኛ ይኑራችሁ። ነፋስን ፊት ለፊት አትርጩ። በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ቀኑ ሳይሞላ ቲማቲም አትልቀሙ። የምትሸጡለት ሰውም ልጆች አሉት። ሰው ከታመመባችሁ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙና እጠቡት፣ አታስመልሱት፣ የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ሩጡ። ምን እንደነካው ካወቅን ጊዜ አናባክንም።

ትናንት የኬሚካል ዕቃችሁን በፌስታል አሥራችሁ እንድታመጡ አስነግረን ነበር። ያመጣችሁ ወደ ፊት ኑ። የግብርና ባለሙያዎቹም እዚህ አሉ፤ ጽሑፉን አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።