ከሌላ ስፖርት ወደ ብስክሌት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ 19 ዓመቴ ነው፤ አምስት ሺህ ሜትር እሮጥ ነበር። የእግሬ አጥንት ስለተሰነጠቀ ሐኪም ሩጫ አቁም አለኝ። ወደ ሳይክል ብዞር ረፍዶብኛል?

መልስ፦ ኧረ አልረፈደም። ካናዳዊው ማይክል ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ማይል በ3 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው። የእግሩ አጥንት እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረው ወደ ብስክሌት ዞረ፤ በ2023 በ36 ዓመቱ በቱር ደ ፍራንስ ፑይ ደ ዶም ዳገት ላይ የሚያበቃውን የአንድ ቀን ውድድር አሸነፈ። ስሎቬኒያዊው ፕሪሞዥ ሮግሊች ደግሞ በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ በ2007 ከቡድኑ ጋር የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ኋላ የስፔንን የብስክሌት ዙር አራት ጊዜ ወስዷል።

አንተ ከሩጫ ይዘህ የምትመጣው ልብና ሳንባ ነው። እግርህ ግን ገና ጀማሪ ነው። ሯጭ መሬት በረገጠ ቁጥር ባትና ጅማቱ መልሰው ያስፈነጥሩታል፤ ፔዳል ላይ ይህ የለም፣ ሥራው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንፋሽህ ሳያልቅ ጭንህ ይቃጠላል። ብዙ ሯጮች ይህን በጉልበት ለማሸነፍ ከባድ ማርሽ ይይዛሉ፤ ትርፉ የጉልበት ሕመም ነው። ቀላል ማርሽ ያዝና የቀኝ እግርህን ዙር ለ15 ሰከንድ ቁጠር፦ ከ21 እስከ 24 መሆን አለበት። ሐኪምህ ከፈቀደ በሳምንት አራት ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ሜዳ ላይ ጀምር። ለዚህ ድሬን የመሰለ ከተማ የት ይገኛል!

አንድ ነገር አትርሳ፤ ብስክሌት አጥንትን አያጠነክርም። ስንጥቁ ድኖ ሐኪም ሲፈቅድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ገመድ ዝለል ወይም ክብደት አንሳ።

ጥያቄ (ጀጎል፣ ሐረር)፦ ልጄ ኳስ ትቶ ሳይክል ይዟል። ዳገት ላይ ይቀድማቸዋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሁለት ጊዜ ወድቆብኛል። ላስተወው?

መልስ፦ እናታችን፣ አያስተዉት፤ ቁልቁለት ይማር። ቤልጂጋዊው ሬምኮ ኤቨንፑል በአንደርሌክትና በፒኤስቪ የታዳጊ ቡድኖች ኳስ ሲጫወት አድጎ በ2017 ወደ ብስክሌት ገባ፤ በዓመቱ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጉልበቱ ይህን ያህል ነበር። እሱም ቢሆን በ2020 በሎምባርዲያ ውድድር ቁልቁለት ላይ ከድልድይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ብቃት ቶሎ ይመጣል፤ ብስክሌትን መግራት ጊዜ ይፈልጋል።

ልጅዎ ፍሬን የሚይዘው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፍጥነቱን ቀድሞ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ይቀንስ። ኩርባው ላይ በውጭ በኩል ያለውን ፔዳል ወደ ታች አድርጎ ክብደቱን እዚያ ላይ ይጣል፤ ዓይኑ ጎማው ላይ ሳይሆን የኩርባው መውጫ ላይ ይሁን። እጁ በመሪው የታችኛው መያዣ ላይ ይሁን። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዞ አይቆይ፤ ያዝ ለቀቅ ያድርግ፣ አለዚያ ይግላል። መጀመሪያ መኪና የማይበዛበት አንድ ኩርባ መርጦ ደጋግሞ ይውረደው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የደንገጎ ቁልቁለት ከነሲኖትራኩና ከነጫት አይሱዙው የመለማመጃ ቦታ አይደለም።

በቡድን ሲነዳም የፊት ጎማውን ከፊቱ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አያስገባ። ከተነካኩ የሚወድቀው የኋለኛው ነው።

ጥያቄ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ከሩጫ ወደ ሳይክል ከዞርኩ ወዲህ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ኮርቻውን ተመልከት፤ ዝቅ ብሎ ይሆናል። ተቀምጠህ ተረከዝህን ታች ያለው ፔዳል ላይ ስታደርግ ጉልበትህ ቀጥ ማለት አለበት። ካልሆነ በየጊዜው 3 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ አድርግና ጥቂት ቀን ንዳ። ሕመሙ ወደ ጉልበትህ ኋላ ከዞረ ወይም ዳሌህ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ አብዝተሃል፤ መልሰህ ዝቅ አድርግ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለህ ወደ ሐኪም ሂድ።