የሆድ ድርቀት፣ ከአንጀት ነርቮች አንጻር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና ታዳሚዎች፣

የሆድ ድርቀት ታማሚው ለሐኪሙ እንኳ ለመናገር የሚያፍርበት ችግር ነው። አፍረቱን አሸንፎ ሲናገርም የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ውኃ ጠጣ፣ አትክልት አዘውትር፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ፈጽሞ ያልተሻለው ሰው ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ይመለሳል፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚህ ሰው ነው።

አንጀት በግድግዳው ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ይህም መረብ የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ምግብን ወደ ታች የማሳለፍ ችሎታ አለው። ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተሙት ጥናት፣ የውሻ አንጀት በአንድ ስፍራ ሲነካ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል እንደሚኮማተር፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ እንደሚላላ አሳዩ። ይህን ቅንጅት ከሚመሩት መካከል ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉባቸው አጫጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ሰንሰለቶች የሆኑት ኒውሮፔፕታይዶች ይገኛሉ። በላይኛው በኩል ሰብስታንስ ፒ የተባለው ኒውሮፔፕታይድ፣ ሌላው የነርቭ መልእክተኛ ከሆነው ከአሴታይልኮሊን ጋር ሆኖ ጡንቻውን ያኮማትራል፤ በታችኛው በኩል 28 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቪአይፒ የተባለው ኒውሮፔፕታይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከተባለው ጋዝ ጋር ያላላዋል።

በተለይ የማሰምርበት በመላላቱ ላይ ነው። ድርቀትን የመግፋት አቅም ማነስ ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ ከፊት ያለው መንገድ ካልተከፈተ ግን አንጀት የቱንም ያህል ቢገፋ ሰገራው አያልፍም። የሂርሽስፕሩንግ በሽታ ይዟቸው የሚወለዱ ሕፃናት በአንጀታቸው የታችኛው ጫፍ እነዚህ የነርቭ ሕዋሳት ስለሌሏቸው፣ ያ ክፍል እንደተኮማተረ ይቀራል፣ ከበላዩ ያለው ጤነኛ አንጀት ይወጠራል፣ መፍትሔውም ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

ሌሎቹ የአንጀት ኒውሮፔፕታይዶች እ.ኤ.አ. በ1975 የታወቁት ኢንኬፋሊኖች ናቸው፤ 5 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሏቸው፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ኦፒዮይዶች፣ ማለትም ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች። በአንጀት ነርቮች ላይ ሲያርፉ የአሴታይልኮሊንን መለቀቅ ይገታሉ። ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊንም እነርሱ በሚያርፉበት የነርቭ ተቀባይ (መልእክቱን በሚቀበለው የሕዋስ ክፍል) ላይ ያርፋል፤ ልዩነቱ ሰውነት እንደፈለገ የሚያቆመው አለመሆኑ ነው። ግፊቱ ይዳከማል፣ ወደ አንጀት የሚመነጨው ፈሳሽ ያንሳል፣ ሰገራው በቆየ ቁጥርም ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል። ታማሚው የሞርፊንን ማቅለሽለሽና ድብታ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ድርቀቱን ግን እምብዛም አይለምደውም። በዚህ ሁኔታ አትክልት አብዛ ብሎ መሸኘት አይጠቅመውም፤ የማይንቀሳቀስ አንጀትን በአትክልት አሰር መሙላት ጭራሽ ሊያባብስበት ይችላል። የሚያስፈልገው አንጀትን የሚያነቃቃ መድኃኒት ነው። ያም ካልበቃ ሜቲልናልትሬክሶን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይዘልቅ የሕመም ማስታገሱን ሥራ ሳይነካ ሞርፊንን ከአንጀት ተቀባዮች ላይ ያስለቅቃል።

ድርቀቱን ሽሽት ማስታገሻቸውን በራሳቸው ቀንሰው ከካንሰር ሕመም ጋር የሚያድሩ ታማሚዎች አሉ። ባልደረቦቼ፣ ሞርፊን በምታዙበት ወረቀት ላይ የአንጀቱንም መድኃኒት በዚያው ቀን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ታማሚው እስኪያነሣው ሳትጠብቁ ሰገራ በደንብ ይወጣ እንደሆነ ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።