ማጣሪያ በእጅ ሲያዝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ ደግሞ ማንም የማያስቆመኝን ርዕስ መርጫለሁ። ኮድ የማትጽፉ ትንሽ ታገሱኝ።

ስለ ዳታ ማጣሪያ ነው የማወራው። እስቲ አንድ የቤት ኪራይ ድረ ገጽ አስቡ። ተከራዩ ሰፈር ይመርጣል፣ የመኝታ ቤት ብዛት ይመርጣል፣ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ይጽፋል። ወይ ደግሞ ምንም ሳይሞላ «ፈልግ» የሚለውን ይጫናል። አራቱ ሳጥኖች ተሞሉም አልተሞሉም፣ ሲደባለቁ 16 ዓይነት ጥያቄ ይወጣቸዋል። ለ16ቱም ኢፍ፣ ማለትም «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል መስመር፣ እየጻፈ የሚውል ሰው ካለ አምላክ ይርዳው። ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ የኤስኪውኤልን፣ ጽሑፍ በመደመር ምልክት እየቀጠሉ መሥራት ደግሞ የባሰ ነው። ተከራዩ የጻፈው ነገር እንዳለ ጥያቄው ላይ ከተለጠፈ ለኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ ማለትም አጥቂ የራሱን ትእዛዝ ለዳታቤዙ ለሚያስተላልፍበት ጥቃት፣ በር ተከፈተ ማለት ነው።

በፓይተን ቋንቋ የተሠራውን የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ጃንጎን፣ የምትጠቀሙ ኪው የሚባለውን ታውቁታላችሁ። አንድ ኪው አንድ ሁኔታ ይይዛል። «ሰፈሩ ቦሌ ነው» አንድ ኪው ነው፤ «ሰፈሩ ሲኤምሲ ነው» ሌላ ኪው። ሁለቱን በፓይፕ፣ «ወይም» በሚለው ምልክት፣ ስታገናኟቸው ዳታቤዙ ምንም አልሰማም። የመጣ መልስም የለም። የተፈጠረው ሦስተኛ ኪው ነው። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው፤ ጥያቄው ራሱ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሆነ። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ለፈንክሽን ታቀብሉታላችሁ፣ ነገ ሌላ ገጽ ላይ ትጠቀሙበታላችሁ። ተከራዩ ዋጋ ከሞላ የዋጋውን ኪው በአምፐርሳንድ፣ «እና» በሚለው ምልክት፣ ትጨምራላችሁ፤ ካልሞላ ትተዉታላችሁ። 16ቱ መንገድ ወደ አራት ኢፍ ወረደ።

ለምን ግን ምልክት? ፓይተን «ኤንድ» እና «ኦር» የሚሉ ግልጽ ቃላት አሉት እኮ። ችግሩ፣ «ኤንድ» ግራውን አይቶ ፎልስ፣ ማለትም ሐሰት፣ ከሆነ ቀኙን ሳያይ ይሄዳል፤ ይህን ጠባዩን ደግሞ መለወጥ አይፈቀድም። ይፈቀድ የሚል ሐሳብ፣ ፔፕ 335 የተባለው የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ፣ በ2004 ቀርቦ በ2012 ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ የላይብረሪ ጸሐፊዎች ለቢት፣ ለዜሮና ለአንድ፣ ሥራ የተቀመጡትን ምልክቶች ተዋሱ። ጃንጎም፣ የዳታ ሰንጠረዥ ላይብረሪው ፓንዳስም፣ የዳታቤዝ ላይብረሪው ኤስኪውኤልአልኬሚም።

ውሰቱ ግን በነፃ አይደለም። በፓይተን አምፐርሳንድ ከ«ያንሳል» እና ከ«እኩል ነው» ቀድሞ ይሠራል። ፓንዳስ ላይ «ዋጋ ከ30000 ያንሳል፣ አምፐርሳንድ፣ መኝታ ከ1 ይበልጣል» ብላችሁ ያለ ቅንፍ ጻፉ። መጀመሪያ 30000ን ከመኝታ ዓምዱ ጋር ቢት በቢት ያያይዘዋል። ከዚያ የሲሪስ፣ ማለትም የፓንዳስ ዓምድ፣ እውነትነት አሻሚ ነው የሚለው ኤረር ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ሲ የሚባለው ቋንቋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ «እኩል ነው» ይቀድማል። ይህ የመጣው ድርቡ አምፐርሳንድ ገና ባልነበረበት ጊዜ ነጠላው የቢቱንም የ«እና»ንም ሥራ ይሠራ ስለነበር ነው። ድርቡ ሲጨመር የተጻፈው ኮድ እንዳይበላሽ ብለው የነጠላውን ቅደም ተከተል አልነኩትም። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ራሱ ኋላ ላይ ብንቀይረው ይሻል ነበር ብሏል።

ለነገሩ ኤረር ሲመጣ ደስ ሊለን ይገባል። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ኤስኪውኤል ላይ «ቦሌ ኦር ሲኤምሲ ኤንድ ዋጋ ከ30 ሺህ በታች» ብትሉ፣ ኤንድ ስለሚቀድም ዋጋው የሚያጣራው የሲኤምሲን ብቻ ነው። ቦሌ ያለ ቤት 200 ሺህም ይሁን ሰተት ብሎ ይወጣል። ማንም አይጮህም። እኔ ስለዚህ አስፈለገም አላስፈለገም ቅንፍ አደርጋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

«ያልሆነ» የሚለው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ቦሌ ያልሆኑትን አምጣ አልን እንበል። ሰፈሩ ሳይሞላ የቀረ ቤትስ? ተራ ኤስኪውኤል ይጥለዋል፤ ምክንያቱም ባዶ ነገር ከቦሌ ጋር ሲነጻጸር መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፣ «አይታወቅም» ነው። ፓንዳስ ባዶው ናን በሚባለው የባዶነት ምልክት ከተያዘ ያመጣዋል። ጃንጎም ዓምዱ ባዶ መሆን የሚችል ከሆነ ያመጣዋል፤ የባዶነቱን ምርመራ ራሱ ጨምሮ ይጽፍላችኋል። አንድ ሐሳብ፣ ሦስት ቦታ፣ ሁለት ዓይነት መልስ። ሪፖርታችሁ ከባልደረባችሁ ጋር አልገጥም ካለ መጀመሪያ እዚህ ጋ እዩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብዙዎቻችን ከባዶ ኪው ነው የምንጀምረው፣ ከዚያ በሉፕ፣ ማለትም በድግግሞሽ፣ እየጨመርን እንሄዳለን። ምንም ካልተጨመረስ? ባዶ ኪው የተሰጠው ፊልተር ሁሉንም መዝገብ ይመልሳል። ለፍለጋ ገጽ ጥሩ ነው፤ ተከራዩ ምንም ካልመረጠ ሁሉንም ቤት ይይ። ግን ያንኑ ኪው ሠርታችሁ መጨረሻው ላይ ዲሊት ካለ አስቡት። በተለይ በፓይፕ ስታገናኙ፣ «ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አጥፋ» ተብሎ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ፣ ሰው የሚጠብቀው ምንም እንዳይጠፋ ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው።

ደግነቱ ባዶ ኪው ኢፍ ውስጥ ሲገባ ፎልስ ነው። ከዲሊቱ በፊት አንድ መስመር ጨምራችሁ፣ ኪው ባዶ ከሆነ ተመለስ ማለት ይበቃል። ኢፍ ጋ ሲደርስ ምንም፣ ፊልተር ጋ ሲደርስ ሁሉም የሚሆን ዕቃ ነው እንግዲህ። በሉ፣ ቻው።