የአክስቴ በርሜል

አቦ፣ ዛሬም ስለ አክስቴ የውሃ በርሜል ነው የማወራው። አልለቀቀኝም።

አክስቴ ሆጃ ጥዳለች። ብርጭቆ ላለቀልቅ ብዬ የበርሜሉን ክዳን ከፈትኩ። ክዳኑን ታውቁታላችሁ፣ መቼም ገጥሞ አያውቅም። የስልኬን መብራት ሳበራ ትላትል የመሰሉ ነገሮች ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ከውሃው ከፍ ብሎ ደግሞ በርሜሉ ጎን ላይ ዙሪያውን ጥቀርሻ የመሰለ ነጠብጣብ አለ። እንቁላል ነው። የወባ ትንኝ ብትሆን እንቁላሏን ውሃው ላይ ነበር የምትጥለው፣ እጯም ውሃው ላይ ጋደም ነው የሚለው። ይቺኛዋ ደንጌና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈዋ ትንኝ ናት።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ ቢምቢ ተፈልፍሏል» አልኳት።

«ሂጂ አቦ! ይኼ ሐረር ነው፣ ብርድ አገር። ቢምቢ ድሬ ነው ያለው።»

ግማሹ እኮ እውነት ነው፣ የቸገረኝም እሱ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። 30 ዲግሪ ገደማ ላይ እጩ በሳምንት አካባቢ አድጎ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። 15 ዲግሪ ላይ ከወር በላይ ይፈጅበታል። እንቁላሉም ያው ነው፣ በሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ለመፈልፈል ይደርሳል፣ በብርድ ይዘገያል። በጣም ከጋለም አይሆንለትም፣ ውሃው 40 ሲጠጋ እጩ ያልቃል። ስለዚህ ብርዱ ጊዜ ይሰጠናል። አይከለክለውም ግን። ደግሞ የሐረር አየር ሌላ፣ የአክስቴ ማዕድ ቤት ሌላ! ምድጃው በርሜሉ አጠገብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ያ ውሃ ለብ ያለ ነበር፣ እጄን ከትቼ አይቼዋለሁ።

በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ ድሬ ላይ ሲነሳ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰፈር ሙሉ ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ፣ ጎረምሳው ሁሉ ግድግዳ እየያዘ ሲሄድ። በ2014 ደግሞ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባ ተነሳ፤ በበርሜልና በሮቶ ውሃ የምትራባዋ አዲሷ የወባ ትንኝ ናት ያመጣችው። ያን ጊዜ እናቴ... ተዉት፣ ዛሬ አልችልም።

እና አክስቴን ምን ልበላት? ድፊው? የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየች ሴት ናት፣ ጀሪካን ተሸክማ ያደገች። ውሃ ድፊ ማለት ከባድ ነው። መድፋቱ ብቻውንም አይበቃም፣ ጎኑ ላይ የተጣበቀው እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲሸፍነው ይፈለፈላል። በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። አፉ ላይ ጨርቅ ወጥሬ በላስቲክ ባስረው አዲስ እንዳትጥል ይከላከላል፣ የተጣለውን ግን ምንም አያደርገውም። ውሃው ሲያልቅ ጠብቆ መፈግፈግ ይሻላል። እሷ ደግሞ እስኪያልቅ አትጠብቅም፣ ግማሽ ሲደርስ ትሞላዋለች።

ሐሙስ ደወልኩላት። ገና ሰላምታ ላይ እያለን «ውሃ መጣ!» ብላ ዘጋችው። እስከ ነጠብጣቡ ከሞላችው እኮ... እንግዲህ ቅዳሜ ልሂድ ይሆን? ብሩሽ ይዤ ስገባ ደግሞ ቤቴ ቆሻሻ ነው አልሽኝ ብላ ብትቀየመኝስ...